የባልቴቷ ፍሬን

ግንቦት 4

ይህን ደብተር የላከችልኝ ልጄ ናት። ከምትሠራበት ከተማ በሰው ነው የላከችው፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ደስ ይላል። «እማዬ፣ በስልክ ከምትነግሪኝ ግማሹን እዚህ ላይ ጻፊው፣ እኔም ሥራ ልሥራበት» አለችኝ። ስድብ ይሁን ስጦታ አልገባኝም፤ ሁለቱንም መሰለኝ። ሳቅሁ። ወሬኛ መሆኔን መቼም አልክድም። መጋረጃ ሱቅ ውስጥ እኔና የስፌት መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ስንንጫጫ ነው የምንውለው፤ ማናችን እንደምንብስ የሱቁን ባለቤት መጠየቅ ነው።

እንግዲህ የዛሬ ወሬ። የባልቴቷ ዓመታዊ ምርመራ ደርሷል። ባልቴቷ የባለቤቴ ሞተር ሳይክል ናት። ከእኔ ቀድማ ነው ሕይወቱ ውስጥ የገባችው፤ አውቶቡስ ጋራዥ ሥራ እንደጀመረ ከተጣለ ብረት መሀል አንስቶ ሰው አደረጋት። አሮጌ ናት ያለ ሰው ከሱ ጋር አይስማማም። «ጥንታዊ በሉ» ይላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ከሷ ሌላ ማን አለው? ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቸርኬዋን በጥርስ ብሩሽ ሲያሽ አየሁት። ብሩሹ የኔ ነበር። ተውኩት፤ ፀሐይዋ ደስ ትል ነበር፣ እሱም ያፏጭ ነበር።

ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር። ከሰዓት ዳቦ ሊገዛ በሷ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ዳቦውን ይዟል። «ባልቴቷስ?» ስለው እጁን አየ፣ ከዚያ በሩን አየ። አብረን ሄደን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። «አሁንማ ጥሎኝ ሄደ ብላ ታኮርፍሃለች» እያልኩ እስክንመለስ አሳቅሁት። ሰው ይረሳል። እኔ ራሴ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ስገለብጥ የምውል ሴት ነኝ።

ግንቦት 8

ዛሬ ሱቅ አደረሰኝ። ማለቴ፣ ቆይቶ አደረሰኝ። የሱቁን መታጠፊያ አልፎ ቀጥ አለ፣ ከዚያ አይቼው የማላውቀው ሰፈር ገባን፣ ከዚያ ሌላ። ጀርባው ላይ ተለጥፌ «ዛሬ ሽርሽር ነው እንዴ?» አልኩት። «ሽርሽር ነው» አለ፤ ግን ግራ ቀኙን ያይ ነበር። ሞተሯማ እንከን አይወጣላትም፣ ያለ አንዲት መንተባተብ ትሄዳለች። እንደ ቀልድ አድርጌ ትከሻውን እየነካሁ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ አልኩት። ደረስን። የሱቁ ባለቤት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ባሌ ሽርሽር ወስዶኝ ነው» አልኳት። «በዚህ ዕድሜ?» አለች። ቅናት ነው።

ግንቦት 12

በጥድፊያ። ባለቤቴ አደባባዩን በተቃራኒ ገብቶ። ድሮ አብሮት የሠራ አውቶቡስ ሹፌር ነው ያዳነው፣ አውቶቡሱን መንገዱ ላይ አጋድሞ። ጉልበቱ ተልጧል። ሌላ ምንም የለም። ባልቴቷ ጭረት እንኳ የላትም። ምንም የለም።

ማታ። ሹፌሩን ሻይ ቅመስ ስለው እምቢ ብሎ ሄደ። በር ላይ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ እየተሻገረች እንደነበር ነገረኝ። «ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎ ጨመረ። ሁለት ጊዜ ማለቱን አልወደድኩትም።

ባለቤቴ «መንገዱን ቀይረውታል» ይላል። የተቀየረ መንገድ የለም። «እነዚህ ሰዎች ሲቀይሩ እኮ ለሰው አይናገሩም» ብዬ አገዝኩት። ምን ልበል ታዲያ?

ልጄ ደውላ ቁልፉን ደብቂው አለችኝ። ቁልፉ ክብሪት ነው ወይ፣ አባትሽስ ሕፃን ነው ወይ ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ እኔው መልሼ ደወልኩ። ለአባቷ መርሳት ሐኪሙ የሰጠን ቀጠሮ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ሥራ በዝቶብኝ አለፈን አልኳት። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ግንቦት 15

ምሳ ቋጥሬ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ታናሼ ነው፤ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ መርማሪ ነው። ሙያውን ያስያዘው ባለቤቴ ነው፤ ገና ጢም ሳያበቅል ጋራዥ ወስዶ ብሎን ማጥበቅን ያሳየው እሱ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ ሲሚንቶ፣ መሀሉ ላይ መኪና ከስር የሚታይበት ረጅም ጉድጓድ፣ ጥጉ ላይ ጎማ እያሽከረከረ ፍሬን የሚለካ ማሽን። ወንድሜ አልፏል ያለው አልፏል፣ ወድቋል ያለው ወድቋል። ዘመድ አያውቅም። «እናቱ ጎማ ቢኖራት እሷንም ይጥላት ነበር» ይሉታል የሥራ ባልደረቦቹ፤ እሱም እንደ ሙገሳ ይወስደዋል።

ስለ ብዙ ነገር አወራን። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ መቃረብ። ስለ አደባባዩ ነገርኩት። ስለ ሴትየዋ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ባልቴቷ ምርመራ አንድ ነገር ለመንኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ የማየው ተሽከርካሪውን ነው» አለኝ። «ሰው የምናስገባበት ጉድጓድ የለንም።»

መልሼ ያልኩትን አልኩት። ምሳውን አልጨረሰም። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ቀና ብሎ አላየኝም። እህት ነኝ፤ እህት የምትለውን ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ግንቦት 20

ምርመራው ዛሬ ነበር።

ጠዋት ተላጨ፣ ጫማውን ጠረገ፣ የሠርጋችንን ኮት አወጣ፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ግራ ቀኝ እያልኩ ደረስን። ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ ባልቴቷን ከበባት። አንድ ታክሲ ነጂ «ፋዘር፣ ስንት ይሏታል?» ሲለው እኔን አየና «የቷን?» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሰው እኮ ነው።

ወንድሜ መብራቷን፣ ፍሬቻዋን፣ ክላክሷን፣ ካቴናዋን አየ። የኋላ ጎማዋን ማሽኑ ላይ አወጣና ፍሬን ያዘ። የመለኪያው መርፌ ከፍ ብሎ ቀጥ አለ፤ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ረጅም ጊዜ ተደፋ። ማኅተሙን መታ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የኋላ ፍሬን ደካማ። ለመንገድ ብቁ አይደለም።

ባለቤቴ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ «አማቼ፣ ይሄ እኮ ስለ እሷ አይደለም» አለ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። «ስለ ባልቴቷ ቢሆን ‹ብቁ አይደለችም› ይል ነበር። ‹አይደለም› ያለው እኔን ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታክሲ ነጂው አጨበጨበለት። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ብቻ የማኅተሙን ቀለም ከጣቱ ላይ ይጠርግ ነበር።

የወደቀ አይነዳም፣ ሕጉ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ጠግኖ ዳግም ማስመርመር አለበት። ስለዚህ ገፍተን ነው ወደ ቤት የመጣነው፣ እሱ መሪዋን ይዞ፣ እኔ ከኋላ። በእግሩ ሲሆን አንድም መታጠፊያ አልሳተም።

ግንቦት 21

እንቅልፍ ወሰደኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ግንቦት 24

የኋላውን ጎማ ፈታ። ፍሬኑን አወጣ። የፍሬኑ ሸራ ባለፈው ዓመት የቀየረው ነው፣ ገና አላለቀም። የሚያርፍበት ታምቡር ውስጡ እንደ ሳህን ያበራል። አገላብጦ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። «ምንም የለውም» አለ።

«እንግዲያው ምንም የለውማ» አልኩ። ቀለል አድርጌ ነው ያልኩት። እንዲተወው ነበር የፈለግሁት። አስቀምጦት ቴሌቪዥን እንዲያይ፣ ከጎረቤት ጋር ዳማ እንዲጫወት፣ እንደ ሌላው ጡረተኛ።

ራሱን ነቀነቀ። «አማቼ አይሳሳትም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አለ ካለ አለ።»

ግንቦት 29

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ አመሸሁ።

ፍሬኑን መልሶ ገጥሞት ነበር። ባልቴቷን በማቆሚያዋ አቁሞ፣ ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠግቶ፣ በእጁ ያሽከረክራታል። ይህ ሰው በሩቁ አውቶቡስ ሰምቶ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ የሚናገር ሰው ነበር። ጋራዥ ውስጥ በሐኪም ማዳመጫ ስም ስቴቶስኮፕ ይሉት ነበር። ሲበቃው ጠራኝ። አጠገቡ ተንበረከክሁ። ጎማዋን አሽከረከራት።

«ትሰሚያለሽ?» አለኝ።

ምንም አይሰማም ነበር። ንፋስ ነው የሚሰማው። ግን ምንም የለም ብዬ ብነግረው ነገ ወደ ወንድሜ ይሄዳል፣ ተከራክሮ ያልፋል፣ ደግሞ መንገድ ላይ ይወጣል። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ዓይኔ ላይ መጣችብኝ፤ አይቻትም አላውቅ።

«አዎ፣ ትንሽ» አልኩ። «እንደ መፋቅ ነገር።»

ይደሰታል ብዬ ነበር መሰለኝ። አልተደሰተም። ደግሞ አሽከረከረ፣ ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ የብሎን መፍቻውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠና ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነው። «እኔ አልሰማሁም» አለ። እጁን ሳይታጠብ ገብቶ ተኛ።

ሰኔ 4

ሁሉንም እየፈታ ነው። ከፍሬኑ ወደ ካቴናው፣ ከካቴናው ወደ ካምቢዮው፣ ዛሬ ሞተሯን ከፈተው። ችግሩ ፍሬኑ ላይ ካልተገኘ ከሌላ የመጣ ነው ይላል፤ አማቼ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አልጻፈም ይላል።

ከሱቅ የመጋረጃ ቁርጥራጭ አመጣሁለት። የኋላው ዕቃ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ፣ የካምቢዮው አበባማው ላይ፣ የሞተሩ ነጩ ላይ። እሱ እያወጣ ስሙን ይጠራል፣ እኔ እየደገምኩ እደረድራለሁ። ሞላ። ሞላ። ኩሽኔታ። ኩሽኔታ። ፒስተን። «ፒስተን፣ አዛኝቷ!» እያልኩ እንደ መዝሙር አደርገዋለሁ፣ ይስቃል። ደስ ብሎን ዋልን ማለት እችላለሁ።

አመሻሽ ላይ አንዲት ዕቃ መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ይቺ ማን ነበረች?» አለኝ። የፍሪሲዮን ሳህን ናት፤ ከምሳ በፊት እሱው ነው የነገረኝ። ነገርኩት። «ጎበዝ» አለኝ፣ ልክ እሱ ሲፈትነኝ እንደነበረ። እኔም ልክ እንደተፈተንኩ ሆንኩ።

ሰኔ 7

ልጄ ስልክ ላይ ደስ ብሏታል። «በቃ፣ ራሱ ፈታታት አይደል? ተገላገልን» አለች። ተገላገልን። ሱቅ ውስጥ ደግሞ የሱቁ ባለቤት ለደንበኛ «ባሏ ጡረታ ወጥቶ ብረት ይቆጥራል» ስትል ሰማኋት። የስፌት መኪናዬን በኃይል ረገጥኩት፤ የሰው መጋረጃ ጠማማ ሰፋሁ።

አይላጭም። እሱ ሁልጊዜ ይላጭ ነበር።

ሰኔ 9

ዝናብ ገባ። ጨርቆቹን በአራት ማዕዘን እየያዝን ወደ ቤት አስገባን። ሳሎኑ ሞላ። ካምቢዮው የመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ነው፣ ብሎኖቹ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ። ባዶው አካሏ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ወደ ማድቤት ስሄድ ጎኔን ይወጋኛል።

ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዕቃዎቹን ያያል። አያነሳቸውም። «የት እንደነበሩ ጠፋኝ» አለኝ። እንደ ወሬ ነው ያለው፣ ዝናቡ ጠነከረ እንደሚባለው። «እዚሁ ናቸው፣ የትም አልሄዱ» አልኩት። እሱ ያለው እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዳቦ ቤት ድረስ እንኳ መሄድ ትቷል። ደህና ነው። ማንም አይነካውም፣ ማንንም አይነካም። የፈለግሁት ይህን አልነበረም ወይ?

ሰኔ 11

ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ባዶ እጄን። አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ጣሪያው ጠርዝ ስር ቆመን ተነጋገርን። ንገረው አልኩት። ያኔ ያልኩትን ዛሬም እዚህ አልጽፈውም፣ ግን እውነቱን ንገረው አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለኝ። «እትዬ፣ ያን ማኅተም የመታሁ ቀን እጄ ላይ የቀረው ቀለም እስካሁን የለቀቀ አይመስለኝም። አንቺ ነሽ ‹ልጅ ያዘለች ሴት› ያልሽኝ። ሌሊት የማያት እኔ ነኝ።»

«እኔም አያታለሁ» አልኩ።

ብዙ ጊዜ ዝናቡን አየን።

ሰኔ 12

መጣ። የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ነው የመጣው። ባለቤቴ ያልተላጨ ፊቱን በእጁ እየደበቀ ተነሳለት። ወንድሜ አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ የባልቴቷ ፍሬን ደህና ነበር» አለ። «ማሽኑም ደህና ብሏል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

የኔን ስም አልጠራም። ወለሉን እያየሁ ቆምኩ።

ባለቤቴ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ፈገግታ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው» አለው። «ይግባኛል። ግን እኔ አውቅሃለሁ፣ አንተ አትዋሽም። ማኅተም መትተህበታል እኮ።» ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አወጣ፤ ለካ እዚያው ነበር። ዘርግቶ አሳየው። ‹አይደለም› የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

ወንድሜ ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ወለሉ ላይ፣ አበባማው ጨርቅ አጠገብ ቁጭ አለ። መዳፎቹን ዓይኖቹ ላይ ጫናቸው። ቆይቶ ድምፁን አስተካክሎ «እንግዲያው እንግጠማታ፣ ጋሼ» አለ።

ሰኔ 16

በየማታው ይመጣል። ይህችን ሞተር በየዓመቱ ቢያያትም ውስጧን ፈትቶ አያውቅም፤ ባለቤቴ ማንንም አያስነካም ነበር። ቅደም ተከተሉ ማን ዘንድ ተገኘ? እኔ ዘንድ። ያን መዝሙሬን ከኋላ ወደ ፊት ስዘምረው ገጠመ። ሞላ፣ ከዚያ ሳህኗ፣ ከዚያ የሚያጠብቃት ዳዶ። ወንድሜ «እትዬ፣ አፍሽ ለካ ለዚህ ነው የተፈጠረው» አለኝ። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ የገጠምነውን እየዳሰሰ ያልፋል። አንዳንዱን ብሎን «ላላ» ይለናል። ሁልጊዜ ልክ ነው። ጣቱ አልረሳም።

ዛሬ ተላጨ።

ሰኔ 22

ተነሳች። በሁለተኛው ምት። ቤቱ በጭስ ሞላ፣ ጎረቤት በመስኮት ጮኸ። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። እኔም እሱን አየሁት። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም፤ ማለት፣ ላለማሰብ ብዙ አወራሁ።

ሰኔ 27

ዳግም ምርመራ። ወንድሜ በሰው ፒክአፕ ጭኖ ወሰዳት፤ እኛም ጋቢና ገባን። ዝናብ ስለነበር ሰልፍ አልነበረም። ወንድሜ ሌላ መርማሪ እንዲያያት ጠይቆ ነበር። ባለቤቴ እምቢ አለ። «የጣላት ያንሳት» አለ።

ማሽኑ ላይ ወጣች። መርፌው ያን ጊዜ በቆመበት ቆመ፣ እዚያው። ወንድሜ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠው። ለመንገድ ብቁ ነው።

ባለቤቴ አነበበው። «‹ነው› ይላል» አለ።

ሁለታችንም ጠበቅነው።

«እኔ አለፍኩ ማለት ነው። ስለ እሷ የተባለ ነገር የለም።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከሌላው ኪሱ የባልቴቷን ቁልፍ አወጣና መዳፌን ከፍቶ አስቀመጠልኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው። «አንቺ ያዢው። እሷ ትረፍ። አሮጌ ናት።»

አሮጌ አለ። እሱ ነው ያለው።

ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ እኔ መሀል ነበርኩ። ወንድሜ እየነዳ ነበር፣ መላልሶ የሚጠርገው ግን መስተዋቱን ሳይሆን ዓይኑን ነበር።

ሐምሌ 3

ከተረፈ ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ለባልቴቷ ልብስ ሰፋሁላት። በረንዳው ጥግ ላይ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ልብሷን ገልጦ ይወለውላታል፣ ማታ ያለብሳታል። የሐኪሙን ቀጠሮ ልጄ አስይዛልናለች፤ በታክሲ ነው የምንሄደው። ስለ ብዙ ነገር ጠየቀኝ ዛሬ፤ የልጃችንን ከተማ ስም ሁለቴ።

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ጠራኝ። አጠገቡ ተንበረከክሁ። የኋላ ጎማዋን በእጁ አሽከረከራት።

«ትሰሚያለሽ?»

አዳመጥኩ። ከጣሪያው ጠብታ በቀር ምንም አልነበረም።

«ምንም አይሰማኝም» አልኩት።

«እኔም» አለ። ደስ አለው። ጎማዋ እስክትቆም ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። ዳቦ ቤቱን የሚረሳ ሰው፣ የልጁን ከተማ የሚረሳ ሰው ይህን አልረሳውም። «ያን ጊዜ ታዲያ ምን ነበር የሰማሽው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሴት፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱ አላጣደፈኝም። መልሴ እስኪመጣ ብሎ መሰለኝ፣ ጎማዋን ደግሞ በቀስታ አሽከረከራት።